ገዢ ጠፋ

ሮባ ቀብዱን ሰጠኝ፣ መቶ ብር ጎድሎታል፤
«ኢምፓየር ብለህ ጻፍ፣ ጸጉር ቤት» ብሎኛል።
ሁለት ወንበር አለው፣ አንድ የተሰነጠቀ መስተዋት፣
ከፍራንኮ በታች፣ ባጃጅ በሚዞርበት።
«ምን ማለት ነው?» አልኩት።
አሰበ። መቀሱን ከፈተ፣ ዘጋው።
«ትልቅ ነገር» አለኝ። «በቃ፣ ትልቅ ነው።»

እኔ ፊደል ቀቢ ነኝ፣ ለትርጉም አይከፈለኝም፤
በስንዝር ነው ዋጋው፣ በሐሳብ አይደለም።
ግን ቃል እጄ ላይ ሲውል ቀኑን ሙሉ
እንደ ቀለም ሽታ አይለቅም አመሉ።

ያስተማሩኝ ጋሽ ዘውገ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣
(ብሩሻቸው የአህያ ጭራ፣ መነጽራቸው በክር)
እንዲህ ይሉኝ ነበር፦
«‹ገዛ› የሚለው ግሥ ሁለት ኪስ አለው፤
ባንዱ ሽንኩርት ያስገባል፣ ባንዱ አገር ነው።
ስትጽፍ ተጠንቀቅ፤
ዛ በቀኝ እግሯ ነው የምትቆመው፣ ዞ በግራ፤
እግር ብታለዋውጥ ባንዲት የብሩሽ ስሕተት፣
‹ግዛት› ብለህ የጀመርከው ያልቃል ‹ግዞት›።»

ለሰሌዳ የሚሆን አሮጌ ቆርቆሮ ከጓሮ አወጣሁ።
በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት፣ ፋቅሁት፤
አረንጓዴው ሲነሳ ቀይ መጣ፣
ቀዩ ሲላጥ ሰማያዊ።
«ቀበሌ» ከሚለው ሥር «ሰፊው» የሚል ቅንጣቢ፣
ከእሱ ሥር በወርቅማ ቀለም፣ ጫፉ በዝገት የተበላ፦
«ንጉሠ ነገ»
ይላል። «ሥት» የለም።
ያን ያህል ዘመን ነገን ሲገዛ ኖሮ
እዚህ ደርሷል፣ ከኔ ጓሮ፣ ከአንድ ቆርቆሮ።

ሁሉም በጋሽ ዘውገ እጅ ነው፤
ለሁሉም ያው የተንጋደደ «መ»፣
ሁሉም ዘላለም ብሎ ጀመረ፣
ሁሉም ዕዳ ትቶ ሄደ።
የመጨረሻውን ስፍቅ ቆርቆሮው ራሱ አፍ አወጣ፤
የነዳጅ በርሜል ኖሯል፣ በባሕር የመጣ፣
የባዕድ ፊደል አለበት፤ ማንበብ አልቻልኩም።
እዚያ ላይ አቆምኩ።
ከዚያ ወዲያ ቀዳዳ ነው።

በዚሁ መሐል፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ አቧራው ሲዞር፣
ዲንቂቱ ፓፓያዋን ደርድራ ከአስፋልቱ ዳር
እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጮኸች፦
«ወይ ጉድ! ዛሬስ ገዢ ጠፋ!»
አቶ ጉርሙ፣ ጡረተኛው ዘበኛ፣
ከተጋደሙበት ካርቶን ብድግ አሉ፣
ኮፍያቸውን አጠለቁ፣ ግራ ቀኝ አዩ፤
ይህን ወሬ በዕድሜያቸው ደጋግመው ሰምተዋል፣
የትኛውን ሰላምታ እንደሚሰጡ ግን ጠፋቸው።
«ፓፓያ ነው ያልኩት!» አለች፣ በሳቅ እየፈረሰች።
«ታዲያ ቀስ ብለሽ ተናገሪ» አሏት፣
ተመልሰው ጋደም አሉ፤ ኮፍያውን ግን አላወለቁም።

ከተማዋም ይህን ሙያ ታውቃለች።
ስም ከሩቅ አምጥተው ቀቧት፣ ዘመን ቆይቶ ፋቋት፤
ከሥር የራሷ ነበር፣
እንደ ቁልቋል፣ ከነሾሁ።

በማግስቱ ጻፍኩለት፤ ቀይ፣ ከጥቁር ጥላ ጋር፦
ኢምፓየር።
ሰቀልነው። ሮባ መንገዱን ተሻግሮ አየው፣
ከበሩ ይልቅ ሰሌዳው ይሰፋል።

ክረምቱ ወጣ፤ የኅዳር ነፋስ ገባ።
የፋቅሁት ቦታ ላይ ቀለሙ አልያዘም፤
መጀመሪያ «ምፓ» ተገሽልጦ ወደቀ፣
ቀጥሎ የ«ኢ» ትንሿ እጅ ረገፈች።
አንዲት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ፣
ፊደል ገና የጣማት፣
በጣቷ እየጠቆመች ቆማ አነበበች፦
«አ... የር። አየር ጸጉር ቤት!»
ሮባ ሰማት። እንድጠግነው አልጠራኝም።
ደንበኞቹም በስልክ «አየር ጋ ነኝ» ይላሉ፣
ቤቱም፣ እንጃ፣ ሰፋ ያለ ይመስላል።

መቶ ብሬ ግን አሁንም እሱ ዘንድ ናት።
ስጠይቀው መቀሱን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣
«ነገ» ይለኛል።